አዎን፣ መነጽር ነበረኝ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ እንደ ሽማግሌ ታወራለች ብለህ ጽፈህልን ነበር፤ እስካሁን በቅሎላት ንግግሯ ተስተካክሎ ይሆናል። የእጅህስ ነገር? ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዘኛል ያልከው ተሻለህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለሁ። ባለቤቴ፣ እህትህ፣ ካረፈች ስምንት ወር ሞላት። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጠዋት ጠዋት ሁለት ኩባያ አውጥቼ አንዱን እመልሳለሁ።

ስለ እጅህ መጠየቄን ከሰላምታው መሐል ወሸቅኩት አይደል? ሦስት ዓመት ሙሉ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ከልጆቹ ቀጥሎ፣ ስለ ዝናቡ ከመጠየቄ በፊት፣ እንደ ተራ ነገር። ዛሬ ግን የምጽፍልህ ስለዚያው እጅ ነው። እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው። ልጆቹ አጠገብህ ካሉም ወደ ደጅ ስደዳቸው።

ፊደሌ ቀጥ ብሎ ብታየው አትገረም። መነጽር አድርጌ ነው የምጽፈው። የፊት መነጽር ማለቴ ነው፣ አፍንጫ ላይ የሚቀመጠው። ለይቼ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳልለየው በመቅረቴ ነው ይህ ሁሉ የመጣው።

የጠመንጃ መነጽር ልንመርጥ የሄድንበት ቀን ትዝ ይልሃል? ከርከሮው በቆሎውን እየገለበጠ አላስቀምጥ ሲል፣ እርሻው ለሁለታችን ለጠባቂዎቹ በየጠመንጃችን ላይ የሚታሰር መነጽር ሊገዛልን ወስኖ፣ «የምትተኩሱበት እናንተ ናችሁ፣ እናንተው ምረጡ» ተብለን የተላክን ቀን። አንተ መንገዱን ሙሉ ስታፏጭ ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ትልቅ ሰው ዝምታ ቆጥረኸው ይሆናል። ፍርሃት ነበር።

የቀኝ ዓይኔ መድከም ከጀመረ ያኔ ዓመት ሆኖት ነበር። መጀመሪያ በአምፖል ዙሪያ ቀለበት ያሳየኝ ጀመር። ከዚያ አመሻሽ ላይ ነገር ሁሉ እስትንፋስ ያረፈበት መስታወት እየመሰለኝ መጣ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጠባቂ «ዓይኔ ደከመ» ካለ ምን ይቀረዋል? እህትህ ብቻ ነቅታብኛለች። አንድ ቀን የጸሎት መጽሐፌን ዘርግቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስደግም፣ ከኋላዬ መጥታ ገጹን አየችው። እኔ በቃሌ የምለው ሌላ፣ የተዘረጋው ገጽ ሌላ። ምንም ሳትል ገጹን ገልብጣ ወደ ትክክለኛው አመጣችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መነጽር አድርግ እንጂ፣ ሰውዬ» ሳትለኝ ውላ አታውቅም።

ጠመንጃ ጠጋኙንማ አትረሳውም፤ ያ የራሱን መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬን አያችሁ?» ያለን። በቀትር ብንደርስ «ሂዱና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሱ፤ በቀትርማ የማያምር መነጽር የለም» ብሎ መለሰን። ስንመለስ በጓሮው በር በኩል ወደ ረጅሙ ጠባብ መንገድ አዙሮ አስቆመን። ከማዶ ግድግዳ ላይ የደበዘዘ የቀለም ማስታወቂያ ነበረ። «ዓይንህን ጨፍን» አለህ፤ «ጉንጭህን እንደ ትራስ ሰደፉ ላይ አሳርፍ። ተመቸህ? አሁን ክፈት። ክቡ ሙሉ ሆኖ ከጠበቀህ መነጽሩ ያንተ ነው። አንገትህን እያሰገግክ የምትፈልገው ከሆነ ግን ለሌላ ሰው ተወው።»

አንተ በመጀመሪያው ነው የወደድከው። ስድስት ጊዜ የሚያጎላው፣ የፊት መስታወቱ አርባ ሁለት ሚሊሜትር የሆነው፣ በአጭር ቀለበት ከጠመንጃው ጀርባ ላይ ለጥ ብሎ የሚታሰረው። የማስታወቂያውን የስልክ ቁጥር ሳይቀር አነበብክለት። «እንግዲህ ደውልና ቀለም እዘዝ» አለህና ተሳሳቃችሁ። ከዚያ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን ሰልፍ ልያዝ ብለህ ወጣህ። ይኸው፣ አንተ ያላየኸው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

እኔም ጨፈንኩ፣ ጉንጬን አሳረፍኩ፣ ከፈትኩ። ክቡ ሙሉ ነበር። ጥቁር ጥላ የለበትም፣ አንገቴ አልተወጠረም፣ ለጭንቅላቴ የተሠራ ይመስል ነበር። ውስጡ ግን ጉም ነው። ማስታወቂያው የት እንዳለ እንኳ አላገኘሁትም። «ይሄ ጨለማ አይችልም፣ ያንን ትልቁን አውርድልኝ» አልኩት፤ ከመደርደሪያው ጫፍ ያለውን፣ አፉ እንደ ጡሩምባ የሰፋውን።

እሱም እርሳሱን አንሥቶ በመጠቅለያ ወረቀት ላይ ያሰላልኝ ጀመር። «የፊቱን መስታወት ስፋት በሚያጎላበት ቁጥር አካፍለው። አርባ ሁለት ለስድስት፣ ሰባት። ይሄ ትልቁ ሃምሳ ስድስት ነው፤ ስምንት ጊዜ ያጎላል። እሱም ሰባት። ወደ ዓይንህ የሚመጣው የብርሃን ስፋት አንድ ነው። ደግሞ በአንተ ዕድሜ ያለ ዓይን ሲመሽ አምስትም ከከፈተ ጎበዝ ነው፤ የተረፈው ብርሃን ቅንድብህ ላይ ነው የሚፈሰው» አለኝ። ይህም ሳያንስ፣ ሰፊው መስታወት ከብረቱ ጋር እንዳይጋጭ ከፍ አድርጎ ማሰር ግድ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ጉንጬ ከሰደፉ ተነሥቶ በአገጬ እንደምንጠለጠል ነገረኝ። ግድ የለም እሰረው አልኩት። አሰረው።

ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ክቡን ለማግኘት እንደ ግመል አንገቴን መዘዝኩ። ጭንቅላቴን ቅንጣት ባነቃነቅኩ ቁጥር ከአንድ ወገን ጥቁር ጨረቃ እየገባ ክቡን ይበላዋል። የቀረው ደግሞ ያው ጉም ነው። ጠጋኙ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባት፣ ቱቦው ንጹሕ ነው። ጉሙ ከአንተ ዘንድ ነው። መጀመሪያ ለፊትህ መነጽር አድርግ፣ የጠመንጃው ከዚያ በኋላ ይደርሳል» አለኝ።

ልክ በዚያች ደቂቃ ነው አንተ በሩን ከፍተህ የገባኸው። አየኸውና «ጋሼ! ይሄ ደግሞ መነጽር ነው የወተት ጋን?» አልክ። እኔም የጠጋኙን ቃል የሰማኸው መስሎኝ ፊቴ ጋለ። «ለጨለማ የሚሆነኝ ይሄ ነው» አልኩ፣ ቆጣ ብዬ። ጠጋኙ አንዴ አንተን፣ አንዴ እኔን አየ። ቢናገር ኖሮ እጅህ ዛሬ ሙሉ ነበር። «ምርጫው የባለ ጠመንጃው ነው» ብሎ ዕቃውን ጠቀለለልኝ። በእሱ አልፈርድም። የመናገሩ ተራ የእኔ ነበር።

ቤት ስገባ እህትህ እጇን በሽርጧ እየጠረገች «መነጽሩን አመጣህ?» አለችኝ። «አመጣሁ» አልኩ። «ታይበታለህ?» አለችኝ። «ጥርት አድርጎ» አልኳት። አፍንጫዬ ላይ ምንም የለም። ፊቴን አየችው፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ጠመንጃ አየችው፣ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። መነጽር የሚለው ቃል ለሁለቱም ይሆናልና፣ አልዋሸሁም ብዬ ያን ቀን ጸሎቴን አድርሼ ተኛሁ። ሐሰት ላለመናገር የምጠነቀቅ ሰው መሆኔን ታውቃለህ። ጥንቃቄዬ ይህን ይመስል ነበር።

ከዚያ የጉቶው ነገር መጣ። አንተ ጨዋታ ነው ያደረግከው፣ ጨዋታም ነበር። ከማማዬ ሥር የቆመውን ጉቶ ሰው መስሎኝ «ማነህ? ተናገር!» ብዬ ስጮህ ሰምተህ ከማማህ ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቅክ። ሳምንቱን ሙሉ «ጋሼ፣ አቶ ጉቶ እንዴት ዋሉ? ሰላምታህን አላደርስም?» እያልክ ሠራተኛውን ሁሉ አሳቅክብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ውስጤ ግን ከእንግዲህ በጨለማ «ማነህ?» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም ብሎ ማለ።

የአንገቴን ሕመም ግን መደበቅ አልቻልኩም። ጠዋት ጠዋት ወደ ግራ መዞር ሲያቅተኝ አየህና ምክንያቱን ወዲያው አወቅክ። «ጉንጭህ ማረፊያ አጥቶ ነው» አልክ። የሰደፌን ርዝመት በስንዝርህ ለካህ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩህም።

ያን ዕለት ደመና ነበር። ፀሐይ ገብታ የበቆሎው ጫፍ ግራጫ ሆኗል። በመስኖው ቦይ ዳር ጥቁር ነገር ሲንቀሳቀስ ታየኝ። ጠመንጃውን አነሣሁ፣ እንደ ልማዴ በአገጬ ተንጠልጥዬ ክቡን ፈለግኩ። ጥቁሩ ጨረቃ ከግራ ገባ፤ አንገቴን ሳስተካክል ከቀኝ ገባ። በመሐሉ ለአንድ አፍታ ክቡ ሞላ። ጥቁር አካል፣ ከበላዩ ነጭ ነገር። ነጩ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተወዛወዘ።

ወንድሜ፣ ነጭ ነገር አይቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ከማማው የሚወርድ ሰው ነጭ ጨርቁን ሦስት ጊዜ ከራሱ በላይ እንዲያውለበልብ ደንቡን ያወጣነው እኔና አንተ ነን። ደንቡን ካወጣሁት አንዱ ሆኜ፣ የከርከሮ ጥርስ ነው አልኩ ለራሴ። ጥርስ እንዲያ ከፍ ብሎ እንደማይወዛወዝ ልቤ አላጣውም። ጠመንጃውን ዝቅ አድርጌ አንድ ቃል መጥራት ይበቃኝ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ከዚያ የጉቶው ቀን ሳቃችሁ ትዝ አለኝ። አንተን ልወቅስህ አይደለም፤ ሳቅ ሰው አይገድልም። አላይም ከምል ብስት ይሻለኛል ያልኩት እኔ ነኝ። ቃታውን ሳብኩ።

ስደርስ ቦዩ ዳር ተቀምጠህ ግራ እጅህን በቀኝህ ይዘሃል። መጀመሪያ ያልከኝ «ጋሼ፣ አትደንግጥ» ነው። ቀጥለህ «የሰደፍህን የቆዳ ጉንጭ ማሳረፊያ ሰፍቼ ጨርሼልህ፣ ብርሃን ሳለ እንለካው ብዬ ነው የመጣሁት» አልክ። ቆዳው ከኪስህ ወጥቶ ጭቃው ላይ ወድቋል። ጨርቁም አጠገብህ ነበር። መሐል ለመሐል ቀዳዳ፣ ዙሪያውን ደም። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር።

ሸሚዜን ቀድጄ እጅህን አሰርኩት። እስኪ አስበው፤ እዚያው ጨርቅ እያለ ሸሚዜን ለምን ቀደድኩ? ጨርቁን ኪሴ ከትቼው ነበር። ገና ሳልሸከምህ፣ ገና ደምህ ሳይቆም፣ እጄ ቀድሞ ያነሣው ጨርቁን ነው። ሐሳቤ ሳያውቅ እጄ አደረገው እል ነበር ለራሴ። አሁን እንደዚያ አልልም።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራሁ። ከአደጋው ጥቂት ቀደም ብሎ ለሠራተኛው ሁሉ የተደረገው የጤና ምርመራ ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መነጽር ያስፈልገዋል የሚል ቃል እንዳለበት እኔም አውቃለሁ። «መነጽር አድርገህ ነበር?» አለኝ። «አዎን፣ መነጽር ነበረኝ» አልኩ። ወንድሜ፣ ምላሴ አልተንቀጠቀጠም። «ምልክት አሳይቷል?» አለኝ። «አላየሁም» አልኩ። ጸሐፊው ጻፈና አነበበልኝ፤ «ምልክት አላሳየም» ይላል። አላየሁም፣ አላሳየም። ጆሮዬ ለይቶ ሰምቶታል። ሥራ አስኪያጁ «ልክ ነው?» አለኝ። ፈረምኩ። ሰው ልኮም ቦዩ ዳር ጨርቅ አስፈለገ። አልተገኘም።

በክሊኒኩ አልጋ ላይ ሆነህ የነገርከኝን ዛሬም ቃል በቃል እሰማዋለሁ። «ጋሼ፣ አውለብልቤ ነበር ብዬ ልምል ስል ጨርቁ የለም አሉኝ። እንግዲህ ማሳረፊያውን ላሳይህ ቸኩዬ ማማው ላይ ረስቼው ወርጄ ይሆናል። አንተን ለዚህ ጣጣ ዳረግኩህ። ይቅር በለኝ።» እኔ ምን መለስኩ? «ለሁላችንም እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አልኩህ። እንደ መልካም ሰው እጅህንም ሳምኩት።

ደንብ ጥሷል ተባልክ፤ ጥፋቱ የራሱ ነው ተብሎ የሚገባህን ካሳ ከለከሉህ፤ ከሥራም ወጣህ። እህትህ ታማ ነበር፣ ቤቱን እንዳናጣ ፈርቼ ነው ብዬ ማመካኘት አምሮኛል። ግን ያኔ ገና አልታመመችም። ጤነኛ ነበረች፤ ትስቅም ነበር።

የሰፋህልኝን ማሳረፊያ ደሙን አጥቤ ሰደፉ ላይ ገጠምኩት። ልክ ነበር። ጉንጬ አረፈ፣ አንገቴ ላላ፣ ጥቁሩ ጨረቃ ጠፋ፣ ክቡ ሙሉ ሆነ። በሙሉው ክብ ውስጥ ያየሁት ያንኑ ጉም ነው። አዝመራው እስኪነሣ ጥይት ሳላጎርስ ማማ ላይ ተቀመጥኩና ወደ በር ጥበቃ አዛውሩኝ አልኩ። ትሑት ሰው ነው ተባለልኝ።

ደብዳቤዎችህን እህትህ ነበረች የምታነብልኝ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ የልጆቹን ነገር ስታነብ ድምፅህን አስመስላ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋን ትጠርግና ወረቀቱን ታጥፈዋለች። «ሰላም ብሏል» ትለኛለች። እኔም «እግዚአብሔር ይስጠው» እላለሁ።

እሷ ካረፈች በኋላ የሚያነብልኝ አጣሁና የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የቀኙ አልፎበታል አለኝ። ግራው ቅርብ ላለው ነገር በመነጽር ያገለግልሃል፣ ለሩቁ ግን ብዙ አትጠብቅ አለኝ። መነጽሩን አድርጌ ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ የዘረጋሁት የጸሎት መጽሐፌን ነው። ሁለተኛ ያንተን ደብዳቤዎች። ሰባት ናቸው። በሰባቱም ላይ፣ ከስምህ በላይ፣ አንድ ዓይነት መስመር አለ። «ጋሼ፣ ስለዚያ ቀን ይቅር በለኝ።»

አንድም ቀን አንብባልኝ አታውቅም። ዓይኗ ደክሞት ይሆናል ብዬ ልጽፍልህ ጀምሬ ሰረዝኩት። ዓይኗ ደኅና ነበር።

ሰባት ጊዜ ይቅርታ ጠይቀኸኛል፤ ሰባት ጊዜ ዝም ብዬሃለሁ። አኩርፎኛል ብለህ አስበህ ይሆን? ቀብሯ ላይ በአንድ እጅህ ስታቅፈኝ ቀዝቀዝ ያልክብኝ ለዚያ ይሆን? ይህን እያሰብኩ ሁለት ቀን እህል አልወረደልኝም። በሦስተኛው ቀን የመሣሪያ ሣጥኔን ግርጌ ቆፍሬ ጨርቁን አወጣሁና ወደ ቢሮ ሄድኩ።

አሁን ሥራ አስኪያጇ ሌላ ናት፤ ልጅ እግር ሴት ናት፣ ቁም ነገረኛ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። «የትኛው መነጽር?» ብላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ጨርቁን ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጠው ዘርግታ አየችው። «ደም ነበረበት አላልክም? ይሄ እኮ ታጥቦ ተተኩሷል» አለችኝ። ታጥቧል አልኩ። ቀዳዳው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «በጥሩ እጅ ተሰፍቷል። ማን ሰፋው?» አለችኝ። የእኔ ስፌት አይደለም አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። አንተም አትጠይቀኝ። እህትህ በጣም ትወድህ ነበር። ይህን ያለ ምንም ጥርጥር እጽፍልሃለሁ።

የአሮጌው መዝገብ ቃል እንዲታረም፣ ምልክት አሳይቷል ተብሎ እንዲጻፍና የተከለከልከው እንዲታይልህ፣ አንተ በአካል መጥተህ መፈረም አለብህ ተብሏል። ቀኑ የሚመጣው ወር የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ ጠዋት፣ በሦስት ሰዓት። የእኔ ቃል ተጽፎ አልቋል። ይህኛው ሲነበብልኝ አንድ ቦታ አስቆምኳት፤ «ነጭ ነገር አይቷል» የሚለው ቀርቶ ነበርና አስገባሁት። የበሩን ቁልፍም አስረክቤአለሁ። የእርሻውን ቤትም እስከ ወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። የት እሄዳለሁ ብለህ አታስብ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ክፍል ሰጥተውኛል። ይህን የጻፍኩት እንድታዝንልኝ አይደለም። እዚህ ፈልገኸኝ ስታጣኝ እንዳትቸገር ነው።

ይቅር በለኝ ብዬ ልዘጋው ነበር። ቃሉን ግን አንተ ሰባት ጊዜ ያለ ጥፋትህ ተጠቅመህበታል፤ እኔ በዚያው ቃል ለመጠቀም አፈርኩ። ስለዚህ የምለምንህ ሌላ ነው። ና። ለራስህ ስትል ና።

ያን ሰኞ ጠዋት ከዋናው በር ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። የሚያልፈው ሁሉ በፊቴ ነው የሚያልፈው። ከአሥር እርምጃ ወዲያ ግን ሰው መሆኑን እንጂ ማን መሆኑን አልለይም። ልታናግረኝ ከወደድክ ቀድመህ ተናገር፣ ድምፅህን አውቀዋለሁ። ካልወደድክ ዝም ብለህ እለፍ። ገብተህ ፈርም፣ በመጣህበት ተመለስ። ማንም እንዳይነግረኝ አደራ ብያለሁ። አለፍክ አላለፍክ አላውቅም፤ እስኪመሽ ግን እዚያው ነኝ።

እግዚአብሔር ጎጆህን ያሙቅልህ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ቀኝ እጅህን ያበርታልህ፣ የግራህን ሕመም ያቅልልህ። ባለቤትህን አክብረህ ሰላም በልልኝ።

የእህትህ ባል